ባህር አይተን አናውቅም፤ በሦስት ቀን ጅቡቲ ደርሰን ብንመለስ ምን ትላላችሁ?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን አራት ዓመት ሆነን። እስካሁን አብረን የሄድንበት ሩቅ ቦታ ባህር ዳር ነው፤ እሱም ለሰርግ። ባለቤቴ የአንኮበር ልጅ ናት። አንኮበርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ቁልቁል ወደ ቆላው ስታዩ ጉሙ ተዘርግቶ ይተኛና የተራሮቹ ጫፍ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ይላል። ልጅ ሆና ያ ባህር ይመስላት ነበር። አያቷ ደግሞ «ባህሩስ ከዚያ ወዲያ ነው፣ የሚያደርሰው ግመል ነው» ይሏት ነበር። አያቷ ዛሬም አሉ። እሳቸውም አላዩትም። ጣና ዳር ስንቆም እንኳ ደስ ብሏት ብዙ ቆየችና «ግን እኮ ማዶው ይታያል» አለችኝ። ማዶ የሌለውን ነው የምትፈልገው።

ዘንድሮ ትንሽ ቆጥበን ፓስፖርት አወጣን። ሁለታችንም ተቀጣሪ ነን፤ ዓርብን ፈቃድ ብንወስድ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ አለን። ቢበዛ ሰኞ ይጨመራል። ቅርብ ያለው ትልቅ የባህር ከተማ ጅቡቲ ስለሆነ እሱን አሰብን።

ጥያቄዬ ብዙ ነው። በባቡር ይሻላል በአውሮፕላን? በየትኛው ወር? ሙቀቱን የደጋ ሰው ይችለዋል ወይ? እኛ ኅዳር ላይ ውርጭ የሚያራግፍ ሰዎች ነን። ዋና ሁለታችንም አንችልም። ባለቤቴ ጾም አትገድፍም። ፈረንሳይኛም ሶማሊኛም አናውቅም። ደግሞ በሦስት ቀን ምኑ ይታያል? ሄዶ ያየ ሰው ያየውን ይንገረን።

መልስ፦ የሸዋ ሮቢቱ ሾፌር

ሰላም ወንድሜ። በተሳቢ ጅቡቲ መመላለስ ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ ብል ውሸት አይሆንም። ከእኛ ተነስተህ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ ሚሌ ወርደህ፣ በሰመራ አልፈህ ጋላፊ ኬላ ነው። ከዚያ ዲኪል፣ ከዚያ ከተማው። ግን ይሄ የጭነት መንገድ ነው፤ ለሦስት ቀን ሽርሽር አይሆንም። ሚስትህን ይዘህ እንዳትሞክረው። ከሚሌ በኋላ ያለው ሙቀት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለለመደው ለእኔም ይከብዳል።

ባቡሩ ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ ለቡ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በድሬዳዋ አድርጎ ናጋድ ያደርሳል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ችግሩ ጠዋት ተነስተህ የምትደርሰው ማታ ነው፤ ድንበር ላይ የፓስፖርት ጉዳይ አለ፤ ናጋድ ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ታክሲ ያስፈልግሃል። በየቀኑ ይነሳል ብለህም አትሂድ፤ ፕሮግራሙ ስለሚቀያየር ቀድመህ ጣቢያው ጠይቅ። ሲሄዱ አንድ ቀን ሲመለሱ አንድ ቀን፣ ከሦስቱ ቀን ሁለቱን ባቡሩ በላው ማለት ነው። አምስት ስድስት ቀን ቢኖርህ «በባቡር ሂድ፣ አገርህን በመስኮት እያየህ» እልህ ነበር። አሁን ግን አውሮፕላን። ከቦሌ ትንሽ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ከምትሄድበት ያጥራል! የጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ አምቡሊ ከተማው ጥግ ነው፤ ወርደህ ወዲያው ከተማ ትገባለህ። አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡና እደሩ። መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥም አይታወቅም፤ በበረራው ቀን ጠዋት ከደብረ ብርሃን መነሳት አያዋጣም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ወደ አገራችን ከሚገባውና ከሚወጣው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በዚያ ወደብ ያልፋል ይባላል፤ እኔም ከዚያ ውስጥ የድርሻዬን አንስቻለሁ። ግን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ስምንት ዓመታት ባህሩን እግሬ ነክቶት አያውቅም። ከከተማው ዳር ፒኬ 12 የሚባል ሰፈር አጠገብ መኪና አቁመን፣ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግተን ተራ እንጠብቃለን፣ ወረፋው ሲደርስ ወደቡ እንገባለን፣ ጭነን እንወጣለን። ያየሁት አጥርና ክሬን ነው። አንድ ጊዜ ጭነት ሦስት ቀን ዘገየብንና ከረዳቴ ጋር በእግራችን እየጠየቅን ወደ ባህሩ ወረድን። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነበር። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ገባሁ። ውሃው ሞቅ ያለ ነው። እኔ ወንዝ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፣ ውሃ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ይመስለኝ ነበር። ረዳቴ ቀምሶ ሲተፋ ትዝ ይለኛል። እንደዚያ ቀን ልቤ የረጋበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ሚስትህን ውሰዳት፤ ይገባታል።

መልስ፦ መንዜዋ

እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ ጅቡቲ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ሰው ቤት፣ በኋላ ምግብ ቤት። ጋሼ ሾፌሩ የመንገዱን ነግረውሃል፤ እኔ የከተማውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ ወሩ። ከግንቦት እስከ መስከረም በፍጹም እንዳትሄዱ። ሐምሌ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ የአገሬው ሰው ራሱ አቅም ያለው ወደ ደጋ ይሸሻል። ጥሩው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ጥር ላይ ቀን 29 ዲግሪ ገደማ፣ ማታ 22 እና 23 ነው። ለእናንተ ይሄም ሙቀት ነው፤ በተለይ ወበቁ። ልብስ ከገላ ላይ አይለቅም። ግን ይቻላል።

ስለ ጾም ስላነሳህ ወሩን ከዚያ ጋር አስተያዩት። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይመጣል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው የሚሻሉት። ነነዌ የት ላይ እንደዋለች እዩ። ረመዳንም መቼ እንደሚገባ እዩ፤ በረመዳን ቀን ቀን ምግብ ቤት አብዛኛው ዝግ ነው፤ ከተማው የሚነቃው ማታ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ የጅቡቲ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሑድ የሥራ ቀን ነው። ዓርብ ስትደርሱ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። በሌላውም ቀን ቢሆን ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከተማው ይተኛል። ጫቱ ከእኛ አገር የሚገባው ያኔ ነው፤ ጫት ሲገባ መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ይሮጣል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። እናንተም በዚያ ሰዓት ክፍላችሁ ገብታችሁ ተኙ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4፣ ማታ ከ10 በኋላ፤ ይሄ ነው የመውጫ ሰዓታችሁ። ኤሲ የሌለው ክፍል ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትይዙ፤ እንቅልፍ አታገኙም።

ሰዓቱን ካነሳሁ አይቀር፦ ከእኛ ጋር የሰዓት ልዩነት የለም፣ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሙሻ ደሴት የሚወስደን ጀልባ «በ8 ሰዓት» ሲሉኝ ከምሳ በኋላ መስሎኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት ጉዞ አመለጠኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነበር። ገንዘቤንም አልመለሱልኝም። ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስለዚህ ሰው ሰዓት ሲነግራችሁ «የአበሻ ነው የፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይገባቸዋል።

ቋንቋ አያስጨንቃችሁ። አማርኛ የሚሰማ ሰው በየቦታው አለ፤ ገበያ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ውስጥ። የእኛ ሰው ብዙ ነው። የአበሻ ምግብ ቤትም ሞልቷል፤ ዓርብ ስትደርሱ በያይነቱ ታገኛላችሁ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ስላለ ባለቤትህ እሑድ ማስቀደስ ከፈለገች ትችላለች።

ገንዘባቸው ፍራንክ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፤ ከድሮ ጀምሮ ተቆርጦ የተቀመጠ ስለሆነ ብዙም አይዋዥቅም። ባንክ ሄዳችሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አሳይታችሁ ዶላር ውሰዱ። እዚያ መንገድ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው ቦርሳ ታቅፈው የሚመነዝሩ ሴቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከእነሱ መንዝሬያለሁ፣ አንድም ቀን አላጭበረበሩኝም። ግን ቆጥራችሁ ተቀበሉ። ከተማው ውድ ነው፤ ይሄን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ውሃ እንኳ ሳይቀር ውድ ነው። ታክሲው አረንጓዴና ነጭ ነው፤ ሳትገቡ ተዋዋሉ።

ባህሩ አሁን። ከተማው ውስጥ ሲየስታ የሚባል ዳር አለ፤ ማታ ማታ ቤተሰብ የሚንሸራሸርበት። እዚያ ስትደርሱ ውሃው ሸሽቶ ከሆነ ባለቤትህ እንዳታዝን። ባህር ይሄዳል ይመለሳል። እኔ መጀመሪያ ቀን ስሄድ ጭቃና የተጋደሙ ጀልባዎች ብቻ አየሁና «ይሄ ነው ባህር የሚሉት?» ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ ያ ሁሉ ጭቃ የለም፣ ውሃው እስከ መንገዱ ግንብ መጥቶ ጀልባዎቹ ቆመዋል። መቼ እንደሚሞላ ሆቴላችሁን ጠይቁ፤ ሰዓቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገፋል።

ሙሻ ደሴት ግን ሌላ ነው። ከከተማው በጀልባ ግማሽ ሰዓት ወይ ትንሽ በላይ። ነጭ አሸዋ፣ ሥሩ የሚታይ ውሃ። ዋና ባትችሉም ጥልቀት የሌለው ብዙ ቦታ አለ፤ እስከ ወገብ ገብታችሁ መቆም ትችላላችሁ። የሕይወት ጃኬት ስጡን በሉ፤ ካልሰጧችሁ አትሳፈሩ። ነፋስ ባለበት ቀን ጀልባው ይዘላል፣ ሆድ ይረብሻል፤ ያኔ ቅሩ። አለባበስ ላይ ባለቤትህ አትጨነቅ፤ የአገሬው ሴቶች እንደለበሱ ነው ባህር የሚገቡት፤ ረዘም ያለ ቀሚስና ሻርፕ ይዛ ትምጣ።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ የየመኖቹን ዓሣ ብሉ። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል፣ በርበሬ ይቀቡታል፣ ከዚያ እንደ ጉድጓድ ያለ የእሳት ምድጃ ውስጥ አንጠልጥለው ያስገቡታል። ጫፍ ጫፉ አሮ፣ መሐሉ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ከእሱ ጋር ትሪ የሚያክል ትኩስ ቂጣ ይመጣል፣ በሙዝና በማር የተፈተፈተም አለ። በእጅ ነው የሚበላው፣ ጋዜጣ ላይ። ስድስት ዓመት ኖሬ ከዚያ ከተማ የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውን፣ ወታደር ያለበትን ቦታ ፎቶ እንዳታነሱ። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የቻይና፣ የጣሊያን ጦር ሰፈር ሁሉ እዚያ ነው ያለው። የማታውቁትንም ሰው ሳትጠይቁ አታንሱ፣ በጣም ይቆጣሉ።

መልስ፦ ነርሷ ከአጣዬ

ሐሳብ ለመጨመር ያህል ነው። የኬንያዋን ሞምባሳን ለምን አታስቡም? እኔ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ከጅቡቲ በጣም ይሰፋል፤ ሕዝቡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ከተማው ራሱ ደሴት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ወደ ደቡብ ለመሻገር ሊኮኒ ላይ ፌሪ አለ፣ እግረኛ ምንም አይከፍልም። ሰው፣ ብስክሌት፣ መኪና፣ ፍየል ሁሉ አንድ ላይ ይሳፈራል። ፖርቱጋሎች በ1590ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩት ፎርት ጂሰስ የሚባል ምሽግ አለ፤ ከግንቡ ላይ ቆማችሁ ባህሩን ስታዩ ያ ባለቤትህ የምትለው ማዶ የሌለው ነገር ፊት ለፊት ነው። ከፌሪው ማዶ፣ በደቡብ በኩል ዲያኒ የሚባል ዳር ያለው አሸዋ እንደ ዱቄት ነው። ዘና ለማለት ከሆነ እኔ ሞምባሳ እላለሁ። ወጪው ግን ይበልጣል፣ አልዋሽም፤ ለሦስት ቀንም አይበቃም። አምስት ቀን ስታገኙ አስቡት።

መልስ፦ የአልዩ አምባ መምህር

እኔ ደግሞ ለባለቤትህ አያት ብዬ ነው የምጽፈው። አያቷ «የሚያደርሰው ግመል ነው» ያሉት ተረት አይደለም። የታሪክ መምህር ነኝ፣ ይሄን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ፤ ብዙዎቹ አያምኑኝም።

እኛ ያለንበት አልዩ አምባ ከአንኮበር ሥር ያለች የገበያ ከተማ ናት። ድሮ የሸዋ የባህር በር በእኛ በኩል ነበር። የአፋር ነጋዴዎች ከአሳል ሐይቅ ጨው ቆርጠው፣ በግመል ጭነው በረሃውን አቋርጠው እዚህ ድረስ ያመጡ ነበር፤ ከዚህ ደግሞ እህልና ሌላ ሌላውን ይዘው ይመለሳሉ። የመንገዱ መጨረሻ ታጁራ ነው፤ ከጅቡቲ ከተማ ማዶ፣ በባሕረ ሰላጤው በሰሜን በኩል ያለችው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ታጁራ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በአሳል አጠገብ አልፎ፣ በዚሁ መንገድ ነው ወደ አንኮበር የመጣው። ሳምንታት ፈጅቶበታል። ያኔ ጅቡቲ የሚባል ከተማ አልነበረም። እሱ የተቆረቆረው በኋላ ነው፤ ፈረንሳዮች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ። ዕድገቱም ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው፤ አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የፈቀዱት የባቡር ሐዲድ ከዚያ ተነስቶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የከተማው ዋና አደባባይ ዛሬ በነፃነት ቀናቸው ሰኔ 27 ቀን 1977 (በእነሱ አቆጣጠር) ቢጠራም፣ ብዙ ሰው አሁንም «ፕላስ ምኒልክ» ነው የሚለው። አንጎለላ የተወለዱት ንጉሥ ስም እዚያ ባህር ዳር ሲጠራ ስሰማ እንባዬ መጣ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ አሳልን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና ተከራይታችሁ ከሾፌር ጋር ጠዋት በጣም ቀድማችሁ ውጡ። መንገዱ ላይ ጉበት የሚባለው የባህር ክንድ ከላይ ይታያል፤ እዚያ አስቁሙ። ከዚያ እየወረዳችሁ እየወረዳችሁ ከባህር ጠለል በታች 155 ሜትር ትደርሳላችሁ። በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ መሬት የለም። እናንተ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው የምትኖሩት፤ ጆሯችሁ ያውቀዋል።

ዳሩ ሙሉ ነጭ ነው። በረዶ የጣለበት የሚመስል ጨው፤ ስትረግጡት ግን እንደ ጠጠር ይቆርጣል፤ ጫማ አታውልቁ። ውሃው ጨዋማነቱ የባህሩን አሥር እጥፍ ያህላል። ዋና የማይችል ሰው እንኳ አይሰምጥም፣ ራሱ ያንሳፍፋል። ዓይን ግን አይንካ! የተቧጨረ ገላ ካለም ያቃጥላል። ለመታጠቢያ ሁለት ሦስት ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ ያዙ፤ ካልታጠባችሁ ሲደርቅ ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ መመለስ አለባችሁ።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ለባለቤቴ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ጋሼ ሾፌሩ ሱሪያቸውን የጠቀለሉበት ጋ ስደርስ ዝም አለች። የመምህሩን ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ ለአያቷ ስልክ ደወለች፤ አያቷ «አሳል? እሱማ የጨው አገር ነው፣ አባቴ ስሙን ይጠራ ነበር» አሏት።

ሞምባሳን ለሌላ ጊዜ ብለናል። ከጥምቀት በኋላ በአውሮፕላን እንሄዳለን። አሁን የጨነቀኝ ሙሻም አሳልም ሁለቱንም በሦስት ቀን ማድረግ ነው። አይበዛም? ደግሞ ቪዛው እንዴት ነው?

መልስ፦ መንዜዋ

ቪዛውን ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት አውጡ፤ ድንበር ላይ ወረፋ ከመቆም ይሻላል። ያወጣችሁትን በወረቀት አትማችሁ ያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም አትርሱ።

ሁለቱን አንድ ላይ አትሞክሩ። እኔ ብሆን ዓርብን ምንም አላደርግበትም። ደርሳችሁ፣ በያይነቱ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ማታ ሲየስታ ወይ ደግሞ ጀልባዎቹ በሚቆሙበት በሌስካል ዳር በእግር ሂዱ። ባለቤትህ ባህሩን መጀመሪያ የምታየው ያኔ ይሁን፤ ሳትቸኩሉ፣ በእግራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱ አንዱን። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ የድሮዎቹን ባለ ቅስት ነጫጭ ቤቶች ማየት፣ ከዚያ መመለስ። ሰኞን ከጨመራችሁ ሁለተኛውንም ትችላላችሁ። ካልጨመራችሁ ግን ምርጫው የእሷ ነው፤ አንተ አትምረጥላት።

እና መምህሩ ስለ አሳል ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የከተማውን ባህር አታቃልሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ያ ዳር ራሱ ይበቃል። ከምግብ ቤት ወጥቼ ስንት ማታ እዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አገሬን አስቤያለሁ።

መልስ፦ የሸዋ ሮቢቱ ሾፌር

መንዜዋ ልክ ናት። እኔ የምጨምረው፦ ውሃ ጠጡ፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ። የደጋ ሰው ላብ ሲያልበው አይታወቀውም፣ ድንገት ራሱን ያዞረዋል። ስንት ረዳት እንደዚያ ሲወድቅብኝ አይቻለሁ። ሎሚና ትንሽ ጨው ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ብትጠጡ ይበጃል። የደብረ ሲና ቆሎም ያዙ፤ ወበቁ ያለሰልሰዋልና ጥሩ አድርጋችሁ እሰሩት። የአሳል መኪና ስትከራዩ ደግሞ ጎማውንና ተቀያሪ ጎማውን በዓይናችሁ እዩ፤ «አለ አለ» ሲሉህ አትመን፣ አስወርደህ እይ።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

መረጠች። አሳልን ነው የመረጠችው። ባህሩን ዓርብ ማታ፣ አሳልን ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓሣውን ቅዳሜ ማታ። ሙሻ ይቆየን። የፈቃድ ደብዳቤዬንም ዛሬ አስገብቻለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አላት፣ ለመምህሩ ነው፦ ለአያቷ ከአሳል ጨው ይዛ መምጣት ትፈልጋለች። ዝም ብሎ ከመሬቱ ማንሳት ይቻላል ወይ?

መልስ፦ የአልዩ አምባ መምህር

ከመሬት አታንሱ፤ ከልጆቹ ግዙ። ዳሩ ላይ የአፋር ልጆች ጨውን እንደ እንክብል ድቡልቡል ሆኖ ያገኙትን ለቅመው በፌስታል ይሸጣሉ፤ ውሃው ራሱ እያንከባለለ ነው የሚያድበለብለው። ከአተር የሚያንስም አለ፣ የልጅ ጭብጥ የሚያህልም አለ። ጨው የተጋገረበት የፍየል ራስም ይሸጣሉ፤ እሱን ተዉት። ትልቅ ትልቁን ድቡልቡል ምረጡ፤ ዋጋ ተከራከሩ ግን አትጨክኑባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ናቸው።

መጀመሪያ በጨርቅ፣ ከላይ በላስቲክ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። የከተማው ወበቅ ካገኘው ያልባል፣ ሻንጣ ያበላሻል። አንኮበር ከደረሰ በኋላ ግን ያን ያህል አያስቸግርም። እማማ ከወጥ ውስጥ ቢጨምሩትም ይበላል።